ዳቦው የት ተቀደደ?

ባለፈው ሳምንት ቁምሳጥን ሳስተካክል አንድ የድሮ የፈተና ወረቀት አገኘሁ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ዜሮ ተከብቦበታል። ከዜሮው ሥር በአማርኛ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ቢሙ 3 ሜትር። ወደ ታች የወረደው 4.1 ሜትር። እንዲህ ያለ ቤት ካወቅሽ ውሰጂኝና አሳዪኝ።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ያኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ጫፉ አየር ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቢም፣ ማለትም አግዳሚ ተሸካሚ፣ አለ። ካንቲሊቨር ይባላል። በረንዳ ማለት እሱ ነው። ጫፉ ላይ 10 ኪሎኒውተን፣ ማለትም አንድ ቶን ገደማ፣ ተጭኗል። ጫፉ ስንት ወረደ? መልሱ 4.1 ሚሊሜትር ነው። እኔ ቀመሩን አውቄዋለሁ። ማባዛቱንም ማካፈሉንም በትክክል ሠርቻለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ሚሊሜትር ማለት ሲገባኝ ሜትር ብዬ ጻፍኩ። በ«mm» ፈንታ «m»፣ የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት። በእሷ ጦስ የ3 ሜትር ቢም 4.1 ሜትር ወደ ታች ወረደ። ከራሱ ርዝመት በላይ።

ወረቀቱ ላይ ከጥያቄው በላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች። የግምት ሳጥን ናት። የኔ ባዶ ነው።

ኮርሱ «ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ» ይባላል። እኛ «ስትሬንግዝ» ብቻ ነበር የምንለው። ሲቪል የተማረ ያውቀዋል፣ መካኒካልም እንደዚሁ። ብረት ሲጎተት ምን ይሆናል፣ እንጨት ሲጎብጥ የት ይሰነጠቃል፣ ዘንግ ሲጠመዘዝ መቼ ይበጠሳል የሚለውን ነው የሚያስተምረው። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ስታቲክስ ከሚባለው ኮርስ ቀጥሎ ይመጣል። ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ስትራክቸሩም ኮንክሪቱም፣ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። እሱን ያላለፈ ወደፊት የለም።

ጊዜው መንግሥት «ከመቶ 70ው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ» ያለበት ነበር። ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሳ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚማር ነበር። ግማሹ ኢንጂነሪንግ ወዶ የገባ ነው። ግማሹ ደግሞ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነና ሌላ ያሰበው ነገር ስላልነበረ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። እናቴ ዶክተር እንድሆን ነበር የፈለገችው። ደም ሳይ ስለምወድቅ ኢንጂነር በሚለው ተስማማን።

የመምህራችንን ስም አልጽፍም። የዩኒቨርሲቲውንም። አብሮኝ የተማረ በመጀመሪያው መስመር አውቋቸዋል። እኛ «ጋሽ ዩኒት» ነበር የምንላቸው። ዩኒት ያልተጻፈበት መልስ ዜሮ ስለሆነ። ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ እንደየቀኑ ንዴታችን «ሰውዬው»።

ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ከ5 ላይ በሩን ከውስጥ ይቀረቅሩታል። ዝናብ ነው፣ ታክሲ ጠፋ፣ ካፌ ወረፋ ነበር፣ እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ሃንድአውት አይሰጡም። ስላይድ አያሳዩም። ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ። ኮታቸው የግራ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ዳስተር ሲያጡ በእጅጌያቸው ስለሚያጠፉ።

ለመጀመሪያው ሚድ «ኦፕን ቡክ ነው» ሲሉን ጨበጨብን። ከፈተናው ስንወጣ ማንም አላወራም። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ፍሬሽማን ላይ በሽምደዳ ኤ የጫነ ልጅ ሁሉ የዛን ቀን ነው መሬት የነካው። ኮፒ ማድረግም አያዋጣም ነበር፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ለየረድፉ ይቀያይሩታል። አጤሬራ የጻፈ ልጅ ወረቀቱን በእጁ እንደጨበጠ አንድም ቀመር ሳይጠቅመው ወጣ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ካልኩሌተር ከመንካትህ በፊት ገምት። ይጎብጣል? ወደየት? በጣት ውፍረት ያህል ነው ወይስ በክንድ? የግምት ሳጥኗ ለዚህ ናት። ያኔ ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ሠርተን፣ መልሱን አይተን፣ «ግምታችንን» ከዛ በኋላ እንጽፋለን። እሳቸው ይህን ያውቁ እንደነበር አሁን እጠረጥራለሁ። ያን ቀን እኔ ለማጭበርበር እንኳ ጊዜ አጥሮኝ ባዶ ተውኩት።

ፓርሻል ክሬዲት አይሰጡም። «ሕንፃ ግማሽ ነጥብ አያውቅም» ይላሉ። አንድ ልጅ ደፍሮ «ዶክተር፣ ሂደቱ ትክክል ነው እኮ፣ የተሳሳትኩት ዩኒት ብቻ ነው» ሲላቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ማርስ ላይ ያጠፋትን መንኩራኩር ነገሩን። አንዱ ቡድን በፓውንድ ሠርቶ ይልካል፣ ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ይቀበላል። ከወራት ጉዞ በኋላ ማርስ ስትደርስ ከታሰበው በጣም ዝቅ ብላ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገባችና ጠፋች። «የእነሱም ሂደት ትክክል ነበር» አሉ። «እኔ ብሆን ዜሮ ነው የምሰጣቸው።» ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

የዳቦው ነገር የሆነው ከሚድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። «ቴንሽን»፣ «ኮምፕሬሽን»፣ «ቤንዲንግ ሞመንት» እያልን ለሳምንታት ጽፈናል። ቃሎቹን እናውቃቸዋለን፣ ስፔሊንጋቸውን ጭምር። ያን ቀን ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ የካፌ ዳቦ በጠረጴዛ ሥር ሊገምጥ ሲል ታየ። ዶክተር መናገር አቆሙ። በቀስታ ወደ ኋላ ሄዱ። የሁላችንም አንገት አብሯቸው ዞረ።

«ይሄ የማነው?»

ዝም።

ዳቦውን አንስተው ወደ ፊት ተመለሱ። ልጁን ሊያስወጡት ነው ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን የዳቦውን አንድ ጫፍ በግራ እጃቸው ጨብጠው «ይሄ ግድግዳ ነው» አሉ። በቀኝ አውራ ጣታቸው ነፃውን ጫፍ ወደ ታች መጫን ጀመሩ። የካፌ ዳቦ የበላ ያውቀዋል፣ እጅ አይሰጥም። ትንሽ ታገለ። ከዛ ልክ ከጭብጣቸው አጠገብ፣ ላይኛው ቅርፊት ላይ፣ ቀጭን ስንጥቅ ወጣች። ሰፋች። ነጩ ልቡ ታየ።

«የት ተቀደደ?» አሉ። በአማርኛ ነው ያሉት።

«ከላይ» አለ ክፍሉ።

«ከሥሩስ?»

ከፊት የተቀመጥነው አንገታችንን ሰገግ አደረግን። ከሥሩ ያለው ቅርፊት ተሸብሽቦ እርስ በርሱ ተጨማምቋል። አልተቀደደም።

«ላይኛው ተለጠጠ፣ ታችኛው ተጨመቀ» አሉ። «ኮንክሪት ማለት ዳቦ ነው። ሲጨመቅ ይችላል። ሲለጠጥ ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። እንግዲህ በረንዳ ስትሠሩ ብረቱን የት ታደርጉታላችሁ?»

«ከላይ!»

ከላይ። በቃ። ለሳምንታት የተሸከምኩት «ቴንሽን» የሚባል ቃል «ተለጠጠ» ሲባል ነው የገባኝ። ዕድሜ ልኬን አውቀው የነበረ ነገር ነው። እናቴ ሊጥ ስትጎትት አይቻለሁ። የላስቲክ ጫማዬ ሲታጠፍ የት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ማንም እሱ ነው አላለኝም ነበር እንጂ። ከዛ ቀን በኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ የሰው በረንዳ እያየሁ «የት ይለጠጣል» እላለሁ። እስከ ዛሬ።

ዳቦውን ለልጁ መለሱለት። «ብላ» አሉት። «ሁለተኛ ግን ክፍሌ ውስጥ ዳቦ እንዳላይ።»

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ የሚል ጽሑፍ ይሆን ነበር። ኃይለኛው መምህር፣ ዳቦው፣ የገባት ልጅ። ግን ያው ክፍለ ጊዜ አላለቀም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የዶርም ጓደኛዬ ነበረች። «ለምን» ነበር የምንላት። ሁሉን ነገር ለምን ስለምትል። ሻይ ለምን መጀመሪያ ስኳሩ ይገባል ብላ ካፌ ውስጥ ወረፋ ያስቆመች ልጅ ናት። ውጤቷ መካከለኛ ነው፣ ምክንያቱም የቤት ሥራ ስትሠራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ላይኛው ከተለጠጠ፣ ታችኛው ከተጨመቀ፣ መካከል ላይ የማይለጠጥም የማይጨመቅም ቦታ አለ ማለት ነው። እሱ ግን ልክ መሃል ላይ መሆኑን በምን አወቅን? ወደ ታች ጠጋ ያለ ቢሆንስ?»

ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ነበር። ዞሩ። ጠመኔው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ሁለተኛ ዓመት ደርሰሽ ይህን ትጠይቂያለሽ? ስታቲክስን ማን ነው ያሳለፈሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይህን የምጽፈው ዛሬም ስለሚቆጠቁጠኝ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ የጥያቄዋን መልስ ሳላውቅ፣ ሳቅኩ። እሷ እጇን በቀስታ አወረደችና ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር እንደምትጽፍ ሆነች። እሳቸው ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። ጥያቄዋ ሳይመለስ ቀረ። ከዛ ቀን በኋላ እዛ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አላየሁም። ሌላም ሰው ብዙ አላወጣም።

ግሬድ የተለጠፈ ቀን ኖቲስ ቦርዱ ፊት የነበረው ግፊያ የቡና ጨዋታ ያስንቃል። በመታወቂያ ቁጥር ነው የሚለጠፈው። መጀመሪያ የራስህን ትፈልጋለህ፣ ከዛ በቃልህ የምታውቀውን የጓደኛህን። እኔ ሲ። እሷ ኤፍ። ከበፊቱ ሴሚስተር ጋር ተደምሮ ዲስሚሳል ሆነባት። በሁለተኛው ቀን ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ ጀሪካኗን ለኔ ትታ ሄደች። ከዓመት በኋላ ሪአድሚሽን አገኘችና ስታትስቲክስ ገባች። አሁን ባንክ ትሠራለች፣ ጥሩ ቦታ ላይ ናት። ስለዚህ አሳዛኝ ታሪክ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም። እሷም አትወድም።

የባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ አለ። በዓመት አንዴ ሁለቴ የሳቸው ነገር ይነሳል። «ሰውዬው ናቸው የሠሩን!» ይላል አንዱ። ልብ ይወርዳል፣ እጅ ይጨበጨባል። «የዛሬ ተማሪ እንዲህ ያለ አስተማሪ ቢያገኝ» ይላል ሌላው። እኔም ልብ አድርጌ አውቃለሁ። ግን ግሩፑ ውስጥ ያለነው ያለፍነው ብቻ ነን። የቀሩት ሲሶው ያህል እዛ የሉም። እነሱን ምን ሠሯቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስልካቸውም የለንም።

ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን ሌላውም ወገን አለ። የዚያን ሁሉ ተማሪ ወረቀት ራሳቸው ነበር የሚያርሙት፣ ለረዳት አይሰጡም። እያንዳንዱ ስህተት አጠገብ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። እኔ ዛሬ የአምስት ጀማሪ ኢንጂነሮችን ሥራ አይቼ አስተያየት መጻፍ ያንገፈግፈኛል። እሳቸው ለሰማንያ ልጅ አደረጉት፣ ያውም በዚያ ደሞዝ። «እንዲህ ያለ ቤት ካወቅሽ» ብሎ ለመጻፍ መልሴን አንብበው፣ ቢሙን በሐሳባቸው አይተው፣ ፈገግ ብለው መሆን አለበት። ዝም ብሎ ኤክስ ማድረግም ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ሳይት ላይ ነው። የማንም ስም አያስፈልግም። ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ነው። የተሰጠኝ ቦት ጫማ በሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ካልሲ ደርቤ ነው የምወጣው። ስታፋ እቆጥራለሁ፣ ሲሚንቶ እመዘግባለሁ፣ ፎርማኑ ከኋላ «ኢንጂነርዬ፣ እንዳትወድቂ» ይለኛል። ፎርማኑ ሃያ ዓመት ሠርቷል። አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። «ጋሼ» ነው የምለው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ። አንድ በረንዳ ከግድግዳው ሜትር ከግማሽ ወደ ውጭ ይወጣል። ፌራዮዎቹ ብረቱን አስረው ጨርሰዋል። በሚገባ የታሰረ ነው፣ ክፍተቱ እኩል፣ ሽቦው ጥብቅ። ከሥሩ ስፔሰር ተደርጎበታል፣ ጣውላው ላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። ሁለት ጣት። የሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ ውፍረት 15 ሳንቲሜትር ነው።

ቆሜ አየሁት። የሆነ ነገር ደስ አላለኝም። ከዛ የዳቦው ቅርፊት መጣብኝ። የት ይለጠጣል? ከላይ። ብረቱ የት ነው? ከታች።

ለክፍሎቹ ሶሌታ ትክክል ነው። እዛ ግራና ቀኝ ተይዞ መሃሉ ስለሚረግብ የሚለጠጠው ታችኛው ነው። ፌራዮዎቹ ያንኑ ይዘው በረንዳው ላይ ቀጥለውታል። በረንዳ ግን ተቃራኒው ነው። ኮንክሪቱ ተሞልቶ፣ የባህር ዛፉ ድጋፍ የተነሳ ቀን፣ ግድግዳው አፍ ላይ ከላይ ይቀደዳል። እዛ ጋ የሚይዘው ምንም ብረት የለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አውቄዋለሁ። እና ዝም አልኩ።

ጉሮሮዬ ደረቀ። ፎርማኑ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ስልክ ያወራል። አፌን ልከፍት ስል የሰማሁት «ማን ነው ያሳለፈሽ?» የሚለውን ነው። በቃሉ። እጄ ላይ ያለውን ድሮዊንግ ገልጬ ማየት እችል ነበር፣ ቢሮ ወርጄ መጠየቅ እችል ነበር። «ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው» አልኩና ወረድኩ። ታክሲ ተሳፈርኩ። ቤቴ ገባሁ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። በ11 ሰዓት ተነስቼ ድሮዊንጉን ዘረጋሁ። ብረቱ ከላይ ተስሏል፣ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆኖ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይት ደረስኩ። በረንዳው ማታውን ተሞልቷል።

ለሳይት ኢንጂነሩ ነገርኩት። ወጥቶ አየ። ሁለተኛው በረንዳ ገና አልተሞላም ነበርና ብረቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ትናንት አይተሽው ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ምንም አላለም። በጃክሀመር አፈረሱት። ፎርማኑ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፣ ከዛ አንድ ቀን ሻይ ይዞልኝ መጣና «እህቴ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። በእውነት ገርሞት ነው።

ብረቱ ከላይ መሆን እንዳለበት ያሳወቁኝ ዶክተር ናቸው። ዝም ማለትንም እዛው ክፍል ውስጥ ነው የተለማመድኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሬ አንድ ግሬድ ልሰጣቸው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልተደመረልኝም። ዩኒታቸው ይለያያል።

የኩቤክን ድልድይ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ካናዳ ውስጥ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ የሚሠራ የካንቲሊቨር ድልድይ ነበር፣ በዓለም ትልቁ እንዲሆን የታሰበ። የመካከሉ ርዝመት ከ1,600 ጫማ ወደ 1,800 ጫማ ተለጠጠ፣ ወደ 549 ሜትር ማለት ነው። የድልድዩን የራሱን ክብደት ግን እንደገና በደንብ አላሰሉትም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሊወጣ ሲል ተናደ። 75 ሰው ሞተ። ዶክተር ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ውስጥ የዝንብ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ገምታችሁ ቢሆን ታውቁት ነበር» ብለው ጨረሱ። ጥሩ አድርገው ነው የነገሩን።

ከበረንዳው በኋላ ታሪኩን ራሴ አነበብኩት። እሳቸው ያልነገሩን ክፍል አለው። ዋናው አማካሪ ቴዎዶር ኩፐር ይባላል፣ በዘመኑ በድልድይ ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነው። መንግሥት ሥራውን ሌላ መሐንዲስ ይይልኝ ሲል ተቃውሞ አስቀርቷል። ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ በደብዳቤ ነው የሚመራው። ሳይት ላይ የነበረው ማክሉር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ብረቶቹ እየጎበጡ መሆኑን ለካ፣ ጻፈ። ብረቶቹን የሠራው ፋብሪካ «ሲመጡም እንዲሁ ነበሩ» አለ። በደብዳቤ ሲመላለሱ ቀናት አለፉ። መጨረሻ ላይ ወጣቱ ባቡር ተሳፍሮ ኒውዮርክ ድረስ ሄደ። ኩፐር ሰማውና ተጨማሪ ጭነት እንዳይጨመር ቴሌግራም ላከ፣ ወደ ሳይቱ ሳይሆን ወደ ፋብሪካው። ሥራው ሳይቆም ዋለ። ድልድዩ የወደቀው በዚያው ቀን ነው።

ስለ ማክሉር ሳስብ ቆየሁ። ትልቁን ሰው «እዚህ ጋ ጎብጧል» ለማለት ባቡር ተሳፍሮ ሄደ። እኔ ሁለት ሜትር መራመድ አቅቶኛል።

የመጨረሻውን ነገር ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ለጀማሪዎቹ ልጆች ስለ ቢም ታሪክ ትንሽ ነገር ላቅርብ ብዬ ሳነብ ጋሊሊዮ ጋ ደረስኩ። ጋሊሊዮን በከዋክብቱ ነው የምናውቀው። በእርጅናው፣ የቁም እስር ላይ ሆኖ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1638 ላይደን ከተማ የታተመ ሥራ አለው። እዛ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። ከፈረሰ ግድግዳ የወጣ ቢም፣ ጫፉ ላይ በመንጠቆ ድንጋይ ተንጠልጥሎበታል። ካንቲሊቨር። የፈተናዬ ጥያቄ ራሱ ነው።

ጋሊሊዮ ቢሙ ስንት እንደሚችል ለማስላት ሲነሳ እንዲህ አሰበ፦ ቢሙ የታችኛው ጠርዙ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ይለጠጣል። የሚጨመቅ ቦታ አላስቀመጠም። ማለትም የማይለጠጥም የማይጨመቅም መስመር የሚባለውን ታች ጠርዙ ላይ አደረገው። ተሳሳተ። በዚህ ስህተት አራት ማዕዘን ቢም ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ቤት ቢሠሩበት ይናዳል። ፓራን የሚባል ፈረንሳዊ በ1713 በትክክል እስኪያስቀምጠው 75 ዓመት አለፈ። እሱንም የሰማው አልነበረም። ኩሎም በ1773 እንደገና ደረሰበት፣ ናቪየር በ1826 ለተማሪዎቹ አስተማረው፣ ከዛ ወዲህ ነው እኛ ጋ የመጣው።

«እሱ ግን ልክ መሃል ላይ መሆኑን በምን አወቅን? ወደ ታች ጠጋ ያለ ቢሆንስ?»

ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። የምሳ ሰዓት ነበር።

«ለምንዬ፣ ጋሊሊዮ ያንቺን ጥያቄ ተሳስቷል።»

«የትኛውን ጥያቄ?»

ነገርኳት። ዳቦውን፣ ሥዕሉን፣ ሦስት እጥፉን፣ 75 ዓመቱን። እኔ መሳቄንም ነገርኳት፣ ሳላስበው። ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ የባንክ ተራ ቁጥር የሚጠራው ማሽን ይሰማኛል።

«አንቺ ደግሞ፣ እኔ እኮ እዛ ቀን ማን እንደሳቀ አላየሁም» አለችኝ። ቀጥላ ሳቀች። «ስለዚህ ጋሊሊዮም ሰውዬው ክፍል ቢገባ ኤፍ ነበር?»

«ንጹህ ኤፍ። ፓርሻል ክሬዲት የለም።»

«ስታትስቲክስ አብረን እንማር ነበር።»

ሳቅን። ከዛ ድምፅዋ ተለወጠ። የዱሮው ድምፅ መጣ፣ የዶርሙ፣ መብራት ጠፍቶ ሁሉ ሰው ሊተኛ ሲል የሚመጣው።

«ቆይ ግን፣ መሃል የሆነው ለምንድን ነው?»

«ቢሙ ወደ ጎን አይሄድም አይደል? ስለዚህ ላይኛው የሚጎትተውና ታችኛው የሚገፋው እኩል መሆን አለባቸው። እኩል እንዲሆኑ ደግሞ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ለምን እኩል?»

«እኩል ካልሆኑ ቢሙ ከግድግዳው ተነቅሎ ይሄዳላ! የጋሊሊዮ ችግር እሱ ነው፣ ሁሉም ይጎትታል፣ የሚገፋ የለም።»

«አልታየኝም።»

«አጠገብሽ ዳቦ አለ?»

«ምሳ ዕቃዬ ውስጥ አለ፣ ግን ለስላሳ ነው፣ የካፌ አይደለም» አለች፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ሲከፈት ይሰማኛል። «እሺ ያዝኩት። በየት በኩል ልጨብጠው?»